የሚስታቸውን ኮት የለበሱ በረዶ ሰባሪዎች

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተክለሃይማኖት፣

በአርባው ምንጭ ቁጥር ሰላምታዬ ይድረስዎ። አንዱን ምንጭ ለራሴ አስቀርቻለሁ፣ ሠላሳ ዘጠኙን ይቀበሉ። እናቴ ዓለሚቱ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለም የሚሉኝ ጎረቤቶች ናቸው።

በወረቀት የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ስለ ዘጉብኝ ነው። «የአባያ አዞ የማዘጋጃ ቤቱን ማኅተም ዋጠ» ብዬ ብልክ፣ እርስዎ ደግሞ አምነው ውጭ አገር ላለው ዘመድ ሁሉ ቢያዳርሱት፣ ጥፋቱ የማን ነው? እናቴ ግን የፈረደችው በኔ ላይ ነው። «የአባትህን የአጎት ልጅ፣ ስንቱን ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው እንዴት ታሞኘዋለህ?» አለች። እኔም «ጂኦግራፊ ካስተማረ አዞ ማኅተም እንደማይበላ እንዴት አላወቀም?» አልኳት። ማማሰያ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ።

ሥራ ጠይቀውኝ ነበር። ከትምህርት ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ ተኳርፈን እንደ ቀረን ያውቃሉ። አሁን ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ኮት እሸጣለሁ። ባለፈው ለአቶ ናትናኤል፣ ለዚያ ግብርና ቢሮ ለሚሠራው፣ አንድ ጥቁር ኮት መርጬ አለበስኩት። «ሚኒስትር መሰሉ» አልኩት። ቢሮ ሲገባ ጸሐፊዋ አንድ ጊዜ አየችውና «ጋሽ ናትናኤል፣ ይሄ እኮ የሴት ነው!» አለችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ በሲቀላ «ወይዘሮ ናትናኤል» ሆኗል። ሲያልፍ እኔ ኮቶቹ መሃል ገብቼ እንደ ኮት እንጠለጠላለሁ።

ገንዘብ ይላኩልኝ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እናቴ «በጡረታው በረዶ ይሰብራል» ትለኛለች። እውነት ነው? ደጋው ኦቾሎ ላይ በረዶ ሲጥል ገብሱን የሚሰብረው እሱ ነው፤ እኛ እሱን ሰብረነው አናውቅም። ወይስ ዓሣ ሻጭ ዘንድ ተቀጠሩ? እዚህ ሐይቁ ዳር በረዶ በፌሮ ነው የሚሰብሩት። መሣሪያ ካነሰዎ ፌሮ ልላክ?

የማይታረመው ልጅዎ፣
ኦሊያድ


እንግሊዝ አገር
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኦሊያድ፣

ሰላምታህ ሠላሳ ዘጠኙም ደርሶኛል። ለእናትህ ጤናና ትዕግሥት ይስጥልኝ፤ በተለይ ትዕግሥቱን።

እናትህ የሰማችው ግማሹ ልክ ነው። አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ ለሚረግፈውም፣ ረግቶ ድንጋይ ለሆነ ውኃም ያለው ስም አንድ ነው፤ በረዶ። እኔ የምለው ሦስተኛውን ነው። እዚህ አገር ጥንት ሰዎች የቆፈሯቸው ረጃጅም የጀልባ መንገዶች አሉ። ቦይ ናቸው፤ ግን የናንተ ሙዝ የሚጠጣበትን ቦይ አታስብ፣ ጀልባ ከጀልባ የሚተላለፍበት ነው። በድሮ ጊዜ ክረምት ላይ ውኃው ይረጋና የከሰሉ ጀልባ ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር። ያን ጊዜ በረዶ ሰባሪዋ ትመጣለች። ከብረት የተሠራች ጠባብ ጀልባ ናት፤ መሃሏ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ የብረት መያዣ አላት። ፈረሶች ከዳር ሆነው ይጎትቷታል። ሰዎቹ በሁለት ረድፍ ቆመው ብረቱን ይይዙና ጀልባዋን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዘውዟታል። የረጋው ውኃ በጎኗ እየተሰነጠቀ ትሄዳለች።

እኔ የነዚህን ጀልባዎች ታሪክ የሚያሰባስብ ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበሩ ብዙ ሳጥን አሮጌ ፎቶ ወርሷል፤ የትኛዋ ጀልባ እንደሆነች፣ የት እንደተነሣ የተጻፈበት ግን የለም። ያንን ለይተን እንጽፋለን። ሥራዬ ይኸው ነው።

ሁለት ፎቶ ልኬልሃለሁ። አንደኛው የጥንቱ ነው፤ በረዶ ሰባሪዋ ከነሰዎቿ። ሁለተኛውን ያነሣሁት ራሴ ነኝ፤ ከቤቴ አጠገብ ጀልባ የሚቆምበት ኩሬ ጥግ ላይ የተጣለች አሮጌ ጀልባ ናት። እኔ ሁለቱ አንድ ናቸው እላለሁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሚስተር ክላይቭ አይደሉም ይላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጥንቷ ጀልባ አፍንጫዋ አጠገብ በቀኝ ጎኗ አራት ማዕዘን ብረት ተለጥፎባታል፤ የኛይቱም እንደዚያው፣ ግን በግራ ጎኗ ነው። በጥንቱ ፎቶ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከድልድዩ በስተግራ ይታያል፤ እዚህ ግን ዛሬም ቆሞ ያለው በስተቀኝ ነው። ሌላ ጀልባ፣ ሌላ ቦታ ብሎ ዘጋው። ስከራከረው ፈገግ ብሎ፣ «አንተ በረዶ ከሌለበት አገር መጥተህ ስለ በረዶ ጀልባ እንዴት ታውቃለህ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የኩሬው ባለቤቶች ቦታውን ሊያጸዱ ነው። በረዶ ሰባሪ መሆኗ ከታወቀ ትቀመጣለች፤ ካልታወቀ በየካቲት መጨረሻ በእሳት ቆርጠው ለብረት ይሸጧታል።

በዚህ አገር ተናግሬ ያልተሰማሁበት ነገር ብዙ ነው። ይህኛው ግን ይቆረጣል።

የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ክላይቭ የነገራቸውን ነው የሚያዩት። ክላይቭን የማይሰማ ዓይን እፈልጋለሁ። የምታየውን ጻፍልኝ፤ በቁም ነገር።

አጎትህ ተክለሃይማኖት


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለሃይማኖት፣ የረጋ ውኃ ጠላት፣

መጪው ልደት ጉንፋን በሌለበት ያግኝዎ። ደብዳቤዎ ፖስታ ቤት ሰንብቶ ነው የደረሰኝ፤ እዚያም በረዶ ሳይረጋባቸው አልቀረም።

ፎቶዎቹን ለገበያው ሁሉ አሳየሁ። ሳባ፣ ከጎኔ ሙዝ የምትሸጠው፣ «ምን ሆነው ነው ሁሉም ወደ አንድ በኩል የተጋደሉት?» አለች። «ጀልባዋን እየወዘወዙ ነው» አልኳት። «እና ለምን አይወርዱም?» አለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ «እኔም ሴቻ ዳገት ላይ አምስት ሰው ስጭን እንዲህ ነው የምሄደው፤ እኔን ግን ትራፊክ ይቀጣኛል» ብሎ ተቆጣ።

በቁም ነገር ጻፍ ብለዋል። እሺ፣ በቁም ነገር ላጥና ብዬ ኮቱ ሁሉ እስኪረሳኝ ድረስ አፈጠጥኩ። ጭስ ማውጫ አየሁ፣ ድልድይ አየሁ፣ ፈረስ አየሁ። እነዚህን እርስዎም አይተዋቸዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ እንዳይቆጡ።

እነዚያ ሰዎች፣ ያ ሁሉ ጺማም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚስቱን ኮት ለብሶ ነው ጀልባ ላይ የወጣው! አንድም አልቀረ። ጋሼ፣ የወንድ ኮት ቁልፉ በለባሹ ቀኝ ነው፣ የሴት በግራ። ይቺን ነገር በአቶ ናትናኤል ላይ ከፍዬ ነው የተማርኳት፤ አሁን ኮት ሳነሣ መጀመሪያ የማየው ቁልፍ ነው። የርስዎ ጀግኖች ሁሉም በግራ ነው የቆለፉት። ምናልባት የዚያን ዕለት ብርዱ ጸንቶ ሚስቶቻቸው አዝነውላቸው ይሆናል። ወይም ሚስቶቻቸው ናቸው የወጡት፣ ጺም ቀጥለው።

ይህን ለሚስተር ክላይቭ ያንብቡለት። ከኔ ጋር ሆኖ ይሳቅ፤ በርስዎ ላይ ብቻ ምን ያስቀዋል?

ኦሊያድ፣ የኮት ሊቅ


እንግሊዝ አገር
ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኦሊያድ፣

ደህና ነህ ወይ፣ እናትህስ።

ደብዳቤህን አንብቤ ተናደድኩ። በቁም ነገር ብዬህ ስታበቃ! መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ልወጣ ስል መስተዋት ፊት ኮቴን ስቆልፍ እጄ ቆመ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው በግራ ነበር የቆለፈው። የሴት ኮት ለብሷል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል! የድሮ ፎቶ መጀመሪያ የሚነሣው የመስኮት በሚመስል ስስ መስታወት ላይ ነው፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ መስታወቱን በተሳሳተ ፊት አስቀምጠህ ካተምከው ግራው ቀኝ ይሆናል። ጽሑፍ ቢኖርበት ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ግን አንድም ፊደል የለበትም። መልሰህ ብትገለብጠው ጭስ ማውጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የተለጠፈው ብረት ወደ ግራ። የኔዋ ጀልባ፣ የኔው ድልድይ። መንገድ ላይ እየሮጥኩ ነው ወደ ስብሰባው የሄድኩት፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ክላይቭ ቀስ ብሎ ተነሣና ኮቱን አሳየን። አረንጓዴ ወፍራም ኮት ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ መደብር ያገኘው የመኮንን ኮት እያለ ክረምቱን ሙሉ ይኮራበታል። «እስኪ እዩት» አለ። ቁልፉ በግራው ነበር። «እኔም ወንድ ነኝ፤ ወይስ እኔም ተገልብጬ ነው የታተምኩት?» አለ። የሳቁን ነገር ተወው። አንዲት ሴትዮ ዕንባዋን ጠረገች።

ባርኔጣዬን ይዤ ወጣሁ። የመጨረሻው ስብሰባ የካቲት 23 ነው፤ ቆራጮቹ በማግሥቱ ይመጣሉ። እኔ አልሄድም።

ቀልድህን ከዚህ በኋላ አትላክልኝ።

ተክለሃይማኖት


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ!

ሰላምታው ይቆየን፤ ደህና እንዳልሆኑ አውቄያለሁ። ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ። ይህን ጽፌ በሳባ ስልክ ፎቶ አንሥቼ በሳባ ቴሌግራም ነው የምልክልዎ፤ እሷን አልዘጉባትምና። «እኔንም ቢዘጉኝስ?» አለችኝ። «አንቺ ሙዝ ነው የምትሸጪው፣ ሙዝ ሻጭ አይዘጋም» አልኳት። ወረቀቱም በኋላ ይከተላል።

ቀልድህን አትላክ ብለዋል። እኔ እንዲህ የሚል አላነበብኩም። ወረቀቱ መንገድ ላይ ረጥቦ ያቺን መስመር ወስዷታል።

አሁን ይስሙኝ። የዚያ ሰውዬ ኮት የሴት ነው!

የመኮንን ኮት አለ? መኮንኑ ማን ነው፣ ሴት አያቱ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ይህን ኮት ሳላየው አውቀዋለሁ። አቶ ናትናኤልም እንዲሁ ነበር የኮራው። አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ሲሄድ አገሩ ሁሉ ያጨበጭብለት ነበር፤ ጸሐፊዋ እስክትናገር ድረስ። ሰው ኮት ሲወድ ቁልፍ አያይም።

ወደ ስብሰባው ይሂዱ። እንዴት አልሄድም ይላሉ? እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ አልሄድም ስል ማን ነው የተቆጣኝ? እርስዎ አይደሉም? «የተሳቀበት ሁሉ ከቀረ ክፍል ውስጥ መምህሩ ብቻ ይቀራል» ብለው የጻፉልኝን እናቴ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ዛሬ ልታነብልዎ ተዘጋጅታለች፤ ድምጿን ያውቁታል።

ሲሄዱ ስለ ፎቶው ቃል አይተንፍሱ። ስለ ጀልባዋም። ዝም ብለው ፊቱ ይቁሙና፣ በትሕትና፣ «ሚስተር ክላይቭ፣ እባክህ ይቺን መነጽሬን ለአፍታ በኮትህ የውስጥ ኪስ ያዝልኝ» ይበሉት። በቃ። የወንድ ኮት በደረቱ በኩል በውስጥ ኪስ አለው። የሴት ኮት አብዛኛውን ጊዜ የለውም። አቶ ናትናኤል መታወቂያውን ሊከት ደረቱን ሲዳብስ ቁንጫ የበላው ነበር የሚመስለው። እሱም ይዳብስ። ሰዎቹ ሁሉ እያዩት ይዳብስ።

እየዳበሰ ሳለ ከጡት በታች ያለውን ስፌት ያሳዩአቸው። ጨርቁ በግራም በቀኝም ተቆንጥሮ የተሰፋ ነው። የመኮንን ጡት እንዲያ አይሰፋለትም።

ከሳቁብዎ እኔ ላይ ያላክኩ፤ አንድ የማይረባ ልጅ ነው የመከረኝ ይበሉ። እኔ ሳቅ ለምጃለሁ፣ እበላዋለሁ። ካልሄዱ ግን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ «ጋሽ ተክለሃይማኖት ከኮት ሸሸ» ብዬ አስወራለሁ። ይህ ደግሞ እንደ አዞው ውሸት አይደለም።

ኦሊያድ
(ሳባም ሰላም ብላለች። «ቀና በሉ በላቸው» አለች።)


እንግሊዝ አገር
መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኦሊያድ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። የሳባ ስልክ መልእክት የደረሰኝ ሌሊቱን ነው፤ ሳላነበው ልዘጋው እጄን አንሥቼ ነበር። ሙዝ ሻጭ አይዘጋም ያልካት ልክ ሆነ።

ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የክላይቭ ባለቤት ሻይ ልታድል መጥታለች። ገና ስገባ አንዱ የኮቱን ቁልፍ እየነካካ ጠቀሰኝ። አልፌው ክላይቭ ፊት ቆምኩና መነጽሬን አወለቅኩ።

«እባክህ ይቺን በውስጥ ኪስህ ያዝልኝ።»

«እህ? እሺ» አለና ተቀብሎ እጁን ወደ ደረቱ አስገባ። ዳበሰ። በሌላው በኩል ዳበሰ። ኮቱን ገልጦ አየ። ደገመው።

«ምን ጠፋህ?» አልኩት።

«ኪሱ... ሳይሰፉት ቀርተው ነው» አለ።

ይህን ጊዜ ባለቤቱ ከሻዩ ጠረጴዛ፣ ጮክ ብላ፣ «ክላይቭ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ያ የሴት ኮት ነው!» አለች።

ኦሊያድ ልጄ፣ በዚህ አገር እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ያቺ ዕንባዋን የጠረገችው ሴትዮ ወንበሯን ይዛ ነበር የምትስቀው። እኔ አልሳቅሁም። «እንግዲህ የወንድ ኮት ቁልፉ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ አጎንብሶ የራሱን አየ። በቀኝ። በቀኝ። በቀኝ። ከዚያ የጥንቱን ፎቶ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ፎቶው የተነሣበትን መስታወት ራሱን ከሳጥኑ አውጥተው፣ መብራት ላይ ይዘው፣ ገለበጡት። ጭስ ማውጫው ተነሥቶ ወደ ቦታው ሄደ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቆራጮቹ በማግሥቱ ከነእሳታቸው መጥተው ጀልባዋ አጠገብ ቆመን አገኙን። የኩሬው ባለቤቶች ፎቶውን አይተው መለሷቸው። ትቀመጣለች።

አንድ ጸብ ግን ቀርቶ ነበር። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ክላይቭ አርቅቆ አመጣ፤ «በአፍሪካ ባሉ ወዳጆች እገዛ» ይላል። አልፈርምም አልኩ። «ወዳጅ አይደለም፣ ዘመድ ነው። አፍሪካም አይደለም፣ ሲቀላ ነው» አልኩት። ቦታ አይበቃም አለ። «የኔን ስም አውጣና ይበቃል» አልኩት። አሁን እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፤ «ፎቶው መገልበጡን ያወቀው ኦሊያድ፣ የኮት ነጋዴ፣ ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ።»

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። መያዣ ብረቷ ድሮ ወልቋል፤ ጠርዟን ይዤ ወዘወዝኳት። የሚሰበር በረዶ የለም፤ ብርዱ አልፏል። እንዲያው ነው።

ክላይቭ ኮቱን በፌስታል አድርጎ «ለዚያ ልጅ» ብሎ ሰጠኝ። ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ልኬዋለሁ። የሴት ኮት ነው፤ አደራህን፣ ለወንድ እንዳትሸጠው።

አጎትህ ተክለሃይማኖት


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለሃይማኖት፣ ጀልባ ላይ ብቻቸውን ለሚወዛወዙ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እናቴ ደብዳቤዎን ለጎረቤት ሁሉ አንብባ ስትጨርስ፣ ማማሰያ ባነሣችበት እጇ ራሴን ዳበሰችኝ። ፈርቼ ጎንበስ ብዬ ነበር።

ፎቶውን በሁለት አሳትሜ መደቤ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አንዱን ልክ፣ አንዱን ግልብጥ። «የትኛው ነው እውነቱ?» እያልኩ ገበያተኛውን አፋጥጣለሁ። አንድ መምህር ተሸነፈ። ስሙን አልጽፍም፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ያስተምረኝ ነበር።

ኮቱም ደርሷል። ከፎቶዎቹ ጎን ሰቀልኩት። አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለው ያንብቡ፤ ትእዛዝዎን አፍርሻለሁ። ለወንድ ሸጥኩት።

አቶ ናትናኤል ከደጋ መስክ ተመልሶ መጣ፣ ያንኑ ጥቁር ኮት እንደለበሰ። ልደበቅ ስል ጊዜ አጣሁ። አረንጓዴውን ትክ ብሎ አየው።

«ይሄን አውርደው» አለኝ።

«ጋሽ ናትናኤል፣ ዘንድሮ አላታልልዎትም። የሴት ነው።»

«አውቃለሁ። የፊተኛውም የሴት ነው። ደጋ ላይ ብርዱ ወንድ ነህ ሴት ብሎ አልጠየቀኝም። አውርደው ብያለሁ።»

ለበሰው። እጅጌው አጠረው። በግራ በኩል አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈና በገበያው መሃል ቀጥ ብሎ ሄደ። ከባጃጆቹ በኩል አንዱ «ወይዘሮ ናትናኤል!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት!» አለ፣ ዞር ሳይል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም ማንም አልጠራውም። እኔም አሁን ሲያልፍ አልንጠለጠልም፤ ብድግ ብዬ ሰላም እለዋለሁ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ቴሌግራሙን ይክፈቱልኝ። ካልከፈቱልኝም ፖስታ ቤቱ እንደሆነ ክፍት ነው፤ ሳባም ስልኳን አልነፈገችኝም።

በቀኝ የሚቆልፈው ልጅዎ፣
ኦሊያድ